የተናቀው ፖርሽ ወይስ የተወደደው?

ያገለገለ ፖርሽ 911 ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው፣ ገበያው የዋሽንግተን አካባቢም ይሁን የፍራንክፈርት፣ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ‹‹996 የሚባለውን አትንካ፤ ትንሽ ጨምረህ 997 ግዛ›› ይባላል። ምክሩ በጓደኛ፣ በደላላና በመካኒክ አፍ ሲመላለስ ኖሮ አሁን እንደ ሕግ ተቆጥሯል። ‹‹ትንሽ›› የተባለችው ጭማሪ ግን እንደ መኪናው ይዞታ ከ10,000 ዶላር ልትበልጥ ትችላለች። በዚህ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ አጥብቆ የሚጠይቅ ገዥ ጥቂት ነው። ሁለቱን መኪናዎች ጎን ለጎን አቁሞ ለመረመረ ሰው፣ ከጭማሪው ትልቁ ድርሻ የሚከፈለው ለሞተሩ ደህንነት ሳይሆን ለፊት መብራቱ ቅርጽና ለስሙ ነው።

996 እና 997 የፋብሪካው የውስጥ መጠሪያዎች ናቸው። ለሕዝብ የተሸጡት ሁለቱም ‹‹911›› ተብለው ነው። 996 በ1997 ለአውሮፓ ገበያ ቀረበ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2004 ደግሞ 997 እየተተካው መጣ። በሁለቱ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ጥቂት ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ በገበያ ላይ ያላቸው ክብር ግን የእንጀራ ልጅና የበኩር ልጅ ያህል ይራራቃል።

ይህ እንዴት እንደመጣ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። 911 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1963 በፍራንክፈርት የአውቶሞቢል ትርኢት ነበር። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። አሠራሩ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በየሰፈሩ ሲንደቀደቅ የኖረው ቮልስም እንዲሁ ነው። ቮልስን የቀየሱት ፈርዲናንድ ፖርሽ፣ የ911ን ቅርጽ ለነደፉት ለፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሽ አያት ናቸው። መኪናዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ለተርታው ሠራተኛ፣ ሌላው ለባለጸጋው ተሠራ እንጂ። ፋብሪካው ይህን አሠራር ከ30 ዓመታት በላይ ሳይለቅ ቆየ። ከዚያ ገንዘብ አጠረው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት 50,000 ያህል መኪና ይሸጥ የነበረው ድርጅት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሽያጩ ወደ 14,000 አሽቆለቆለ። የ1992/93 የበጀት ዓመት ኪሳራው ወደ 240 ሚሊዮን የጀርመን ማርክ ተጠጋ። አመራሩን የተረከቡት ቬንደሊን ቪዴኪንግ ከጃፓን አማካሪዎችን አስመጡ። አማካሪዎቹ የቶዮታን የአመራረት ዘዴ ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ቀድሞም በዚያው የሠሩ ነበሩ። በመጀመሪያ ዓይናቸው ያረፈው መለዋወጫ እስከ ጣሪያ በተከመረባቸው መደርደሪያዎች ላይ ነው። ለኃላፊው የኤሌክትሪክ መጋዝ እንዳቀበሏቸውና ቪዴኪንግም በሠራተኛው ፊት የመደርደሪያዎቹን የላይኛ ግማሽ ቆርጠው እንደጣሉ በሰፊው ይተረካል።

996 የዚያ መጋዝ ልጅ ነው። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል በ1996 ከወጣው ርካሽ ወንድሙ ከቦክስተር ጋር ኮፈኑን፣ የፊት አካሉን፣ በሮቹንና የውስጡን ብዙ ክፍል ተጋራ። የፊት መብራቱና ፍሬቻው በአንድ መስተዋት ሥር ተጠቃለሉ። ጀርመኖች ራሳቸው ቅርጹን አይተው ‹‹የተጠበሰ እንቁላል›› የሚል ቅጽል ስም አወጡለት፤ ብርቱካናማው ፍሬቻ በእርግጥም ከመጥበሻ የፈሰሰ አስኳል ይመስላል። ሞተሩም የጭስና የድምፅ ደንቦችን ለማሟላት ከአየር ወደ ውኃ ማቀዝቀዣ ተለወጠ። በአሜሪካ 65,000 ዶላር ገደማ የከፈለ ሰው ከፊት ሲታይ ከቦክስተር ባለቤት የማይለይ መኪና ይዞ ወጣ። የጥንቱ 911 ወዳጆች ሁለቱንም ይቅር አላሉም።

ይሁንና አዲሱ ሳለ ገበያው አልተዋቸውም። ከ175,000 በላይ 996 ተመርቶ ተሸጧል፤ ድርጅቱን ከሞት ካወጡት መኪናዎችም አንዱ ነው። እውነተኛው ውድቀት የመጣው መኪናው ከመጀመሪያው ባለቤት እጅ ወጥቶ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ሰው ሲደርስ ነው። በ2010ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከ20,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ 996 ማግኘት ይቻል ነበር። በዚያን ጊዜ ለዚህ ገንዘብ አዲስ የቤተሰብ መኪና እንኳ በደንብ አይገዛም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ቢያንሰራራም ከ911 ቤተሰብ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ዋጋውን የጣለው መብራቱ ብቻ አይደለም። አንዲት ኩሽኔታም አለችበት።

በሞተሩ መሐል የሚያልፍ አንድ ረዳት ዘንግ አለ። ሥራው ኃይልን ከዋናው የሞተር ዘንግ ተቀብሎ ቫልቮቹን ለሚከፍቱትና ለሚዘጉት ዘንጎች በሰንሰለት ማስተላለፍ ነው። ይህ ዘንግ በአንድ ጫፉ የሚሽከረከረው ግራሶ ተሞልቶ በታሸገ ኩሽኔታ ላይ ነው። በጊዜ ብዛት የጋለው የሞተር ዘይት ማሸጊያውን አልፎ ግራሶውን ያጥበዋል፤ በምትኩ ንጹሕ ዘይት እንደ ልብ አይገባም። ኩሽኔታው ይደርቃል፣ ኳሶቹ ይፋቃሉ፣ በመጨረሻም ይሰባበራሉ። ዘንጉ ከቦታው ሲናጋ የሰንሰለቱ ልክ ይዛባና ቫልቭ ከፒስቶን ጋር ይጋጫል። ሁሉም ነገር በሰከንዶች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ሌላ ሞተር ማስገባት ብዙውን ጊዜ ከ20,000 ዶላር በላይ ስለሚጠይቅ፣ ለባለቤቱ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚስተካከል ዕዳ ነው።

ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል። ስምምነቱ የሸፈነው ከ2001 እስከ 2005 ሞዴል ያሉትን ሲሆን፣ የጊዜ ገደቡ ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ ክርክር ወጥተው በሰፊው የተሠራጩት ቁጥሮች ግን ለገዥ ዛሬም ይጠቅማሉ። እስከ 2000 ገደማ በነበሩት ሞተሮች የተገጠመው፣ ኳሶቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት ኩሽኔታ ሲሆን የብልሽቱ መጠን ከመቶ 1 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ባለአንድ ረድፉ ግን ከመቶ ወደ 8 ይደርሳል።

እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ማንሳት ይበጃል። አንድ መቶ ሰዎች ባለአንድ ረድፉን ገዙ እንበል። ስምንቱ ሞተራቸው ቢሞትና እያንዳንዱ 20,000 ዶላር ቢያወጣ፣ ድምሩ 160,000 ዶላር ነው። ይህ ለመቶው ሲከፋፈል በነፍስ ወከፍ 1,600 ዶላር ይደርሳል። ቁጥሩ ተሸፋፍኗል፣ እውነቱ እጥፍ ነው ተብሎ ቢታሰብ እንኳ 3,200 ነው። ገበያው ግን ከእያንዳንዱ 996 ላይ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሲቀንስ ኖሯል። እርግጥ ነው፣ ቅናሹ ሁሉ በኩሽኔታዋ አልመጣም፤ ዕድሜውና ያልተወደደው ፊቱም አሉበት። ቢሆንም የፍርሃቱ ሒሳብና የአደጋው ሒሳብ እንዳልተገናኙ ግልጽ ነው።

‹‹መቶ ሰው የለሁም፤ አንድ ነኝ፤ አደጋው እኔ ላይ ቢወድቅስ?›› የሚል ገዥ ትክክል ነው። መልስ አለው። የ996 ኩሽኔታ ካምቢዮው ሲወርድ ሊወጣና በተሻለ ዓይነት ሊተካ ይችላል። ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ጊዜ አብሮ ስለሚሠራ የእጅ ዋጋው ይጋራል። መለዋወጫና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። ብዙ ባለቤቶች ይህን አስቀድመው አሠርተውታል፤ ደረሰኙም በመኪናው ወረቀቶች መካከል ይገኛል። ሥራው የተሠራለትና ያልተሠራለት 996 በማስታወቂያ ላይ አንዳንድ ጊዜ በተቀራረበ ዋጋ ሲወጡ መታየታቸው፣ ሻጮቹም ቢሆኑ የያዙትን ዋጋ እንደማያውቁ ያሳያል።

አሁን ወደ ተወደደው እንሻገር። 997 ሲመጣ የፊት መብራቱ ወደ ጥንቱ ሞላላ ቅርጽ ተመለሰ፤ ፍሬቻውም ለብቻው ወረደ። የጥንት ወዳጆች እፎይ አሉ። ከ200,000 በላይ ተሸጠ። ይሁን እንጂ እስከ 2008 የተሠራው የመጀመሪያው 997፣ ከመብራቱ ኋላ የያዘው ሞተር በመሠረቱ የዚያው የ996 ቤተሰብ ነው። ረዳት ዘንጉም አለ፤ ኩሽኔታውም አለ። እንዲያውም በ2005 ሞዴል መጀመሪያ ላይ የወጡት ጥቂቶቹ የተፈራውን ባለአንድ ረድፍ ኩሽኔታ ይዘው ስለወጡ የፍርድ ቤቱ ስምምነት እነሱንም ያጠቃልል ነበር። ከዚያ በኋላ የተገጠመው ትልቅና ጠንካራ ነው፤ ብልሽቱም ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ትልቁ ኩሽኔታ ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈት አይወጣም።

የ997 ዋና ሕመም ሌላ ነው፤ ስሙም በመንደር ጨዋታ ያን ያህል አይነሳም። የሞተሩ ሲሊንደሮች ግድግዳ ከአሉሚኒየምና ከሲሊኮን ቅንጣት የተሠራ ነው። ፒስቶኖቹ ደግሞ በስስ ልባስ ተሸፍነዋል። ልባሱ ሲላጥ ፒስቶኑ ግድግዳውን ይቧጭረዋል። ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ሲሞቅ የማይጠፋ የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል፤ ከሁለቱ የጭስ ማውጫዎች በአንደኛው ላይ ጥላሸት ይበረክታል። ይህ በሽታ በ3.6 ሊትሩም ይገኛል፤ የኋለኞቹ 996ዎችም ከእርሱ ነጻ አይደሉም። በብዛት የሚወራበት ግን የ997 ካሬራ ኤስ 3.8 ሊትር ሞተር ነው። የሚገርመው ገዥዎች ተሻምተው፣ ጨምረው የሚወስዱት ይህንኑ ነው። ቅዝቃዜ ባለበት አገር፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያስጋልብ ባለቤት ሲጨመርበት ይብሳል።

ሁለቱን በሽታዎች የሚለያቸው ሕክምናቸው ነው። የ996ዋ ኩሽኔታ አስቀድማ ትለወጣለች፤ ወጪዋም ይታወቃል። የተቧጨረ ሲሊንደር ግን ሞተሩን በሙሉ አውርዶ፣ ከፍቶ፣ ግድግዳውን እንደገና አሠርቶ ካልሆነ መድኃኒት የለውም፤ ሒሳቡም ከአዲስ ሞተር ብዙ አይርቅም። ታዲያ ገበያው የመጀመሪያውን ከዋጋ ላይ ሲቀንስ፣ ለሁለተኛው ብዙም አይቀንስም። ከ996 ሸሽቶ 997 ኤስ የገዛ ሰው በርካሽ ከሚታከም ሥጋት አምልጦ በውድ ወደሚታከም ሥጋት የገባበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ ለዚያውም ጨምሮ ከፍሎ።

ለ997 የሚገባውን መስጠትም ያስፈልጋል። የውስጥ ሥራው እጅግ የተሻለ ነው። የ996 ዳሽቦርድና የመቀያየሪያ ቁልፎች ለዚህ ዓይነት መኪና የማይመጥን ፕላስቲክ ናቸው፤ በ20 ዓመት ውስጥ ይጨረባሉ፣ ይላጣሉ። በ997 ውስጥ የተቀመጠ ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ ቢያንስ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል። ረዥም መንገድ ለሚሄድ፣ በየቀኑም ለሚነዳው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኃይሉም ጨምሯል፤ የመጀመሪያው 996 ካሬራ 300 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው 997 ካሬራ 325፣ ኤስ ደግሞ 355 አለው። በሌላ በኩል 996 ወደ 1,320 ኪሎ ሲመዝን 997 ወደ 1,395 ይጠጋል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ የሚታየውን ያህል አይሰፋም። መሪያቸው የሁለቱም በዘይት ግፊት የሚታገዝ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ የመጣው ተከታይ ትውልድ ወደ ኤሌክትሪክ መሪ ስለዞረ፣ መንገዱን በእጁ ለማዳመጥ የሚወድ አሽከርካሪ ሁለቱንም እኩል ይፈልጋቸዋል።

እንግዲህ ሚዛኑ ወደ 996 ካጋደለ የትኛው 996? ገበያው የሚመርጠው ከ2002 ሞዴል ወዲህ ያለውን ነው። መብራቱ ተስተካክሏል፣ ሞተሩም ወደ 3.6 ሊትርና 320 የፈረስ ጉልበት አድጓል። ነገር ግን ባለአንድ ረድፍ ኩሽኔታ የተገጠመው በዚሁ ነው። ሁሉም የሚስቅበት የ1998 እና የ1999 ባለ‹‹እንቁላል ዓይን››፣ 3.4 ሊትሩ፣ በአብዛኛው ጠንካራውን ባለሁለት ረድፍ ይዟል፤ ሲሊንደሩ የመቧጨር ዕድሉም ከታናናሾቹ ያነሰ ነው። እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም፤ አልፎ አልፎ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ከሞተሩ የኋላ ማሸጊያ ዘይት ሲንጠባጠብ ይታያል። ሆኖም ከቤተሰቡ ሁሉ በመልኩ የተናቀው በአንጀቱ ጠንካራ መሆኑ ገበያ ዓይን እንጂ ጆሮ እንደሌለው ያስታውሳል። ገንዘብ የተረፈውና ሥጋት የማይወድ ሰው ደግሞ ከ996 ቱርቦና ከጂቲ3 ሊመለከት ይችላል፤ የእነዚህ ሞተር ከውድድር መኪና የወረደ ሌላ ዓይነት ሞተር በመሆኑ የኩሽኔታዋ ታሪክ አይመለከታቸውም። ዋጋቸው ግን ከዚህ ንግግር ውጪ ነው።

ሌላው የተሳሳተ መለኪያ የተነዳው ማይል ነው። ‹‹ትንሽ የተነዳ›› የሚለው ቃል በአዲስ አበባም በአሜሪካም ዋጋ ያስወጣል። በዚህ ሞተር ግን ብዙ ባለሙያዎች ተቃራኒውን ይመክራሉ። ጋራዥ ውስጥ ለወራት የቆመ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነሳ መኪና ዘይቱ እርጥበትና አሲድ ይሰበስባል፤ ኩሽኔታው የሚበላውም በዚህ ነው። በየሳምንቱ የሚነዳ፣ ዘይቱ በወቅቱ የሚለወጥ፣ 100,000 ማይል ያለፈ መኪና ከሙዚየም ዕቃው ይልቅ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ለዚህኛው ገዥው የሚከፍለው ያነሰ ነው።

ከ997 ወገን ያለ ጥርጥር የሚበልጥ አንድ አለ። ከ2009 ሞዴል ጀምሮ የወጣው ሁለተኛው 997 ከመሠረቱ አዲስ ሞተር ተገጥሞለታል። ረዳት ዘንጉ ጭራሽ የለም፤ የሲሊንደሩ አሠራርም ተለውጧል። ሁለቱም ሥጋቶች እዚህ ላይ ያበቃሉ ለማለት ይቻላል። ዋጋው ግን ከመጀመሪያው 997 እጅግ ይርቃል፤ ሻጮች የሚሸጡትን ያውቃሉ። አቅም ላለው ሰው ጭማሪው ትርጉም ያለው ጭማሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አቅም የሌለው ሰው ግን መሐል ላይ ቆሞ ለመጀመሪያው 997 ኤስ ከሚጨምር፣ ሥራው የተሠራለትን 996 ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለጥገና ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። እነዚህ መኪናዎች በርካሽ ቢገዙም የሚጠገኑት በፖርሽ ዋጋ ነው።

ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰበ ወገን ካለ ሐሳቡን ቢተው ይሻላል። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን በ2024 መጀመሪያ አስታውቃለች። ስለዚህ ጥያቄው የሚመለከተው እዚያው ገዝቶ እዚያው የሚነዳውን ነው።

እርሱም ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። የመጀመሪያው ወረቀት ነው፤ ኩሽኔታው መቼ፣ በማን፣ በምን ዓይነት እንደተተካ የሚያሳይ ደረሰኝ። ‹‹ተቀይሯል›› የሚል የቃል ምስክርነት አይቆጠርም። ሁለተኛው ምርመራ ነው። ዘይቱ ሲፈስ ፊልትሮው ተቀድዶ የብረት ብናኝ እንዳለበት ይታያል። ካንዴላዎቹ ወጥተው በቀጭን ካሜራ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ይፈተሻል፤ ከሥር በኩል ቢታይ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። ሥራው ከሙሉ ሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ‹‹መኪናዬን አላስነካም›› የሚል ሻጭ ከገጠመ ተከራክሮ ማሳመን አያስፈልግም። ከሁለቱ ትውልዶች በድምሩ ከ380,000 በላይ ተሠርተዋል፤ ሌላ ይገኛል።